«የጻፍኩትን ስጪ»

ዓርብ ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት አልፏል። የተመላላሽ ፋርማሲው ሰልፍ ካርድ ክፍሉ በር ድረስ ደርሷል። ማዘዣ የምትገመግመው ባልደረባችን አንዲት ወረቀት ይዛ ቀረች። ሂሳብ የሚሠራው ቢለር እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ካሸር አንገቷን አስግጋ ታያለች። በኤፒቲኤስ፣ ማለትም የመድኃኒት ግብይትን ለኦዲት ግልጽ በሚያደርገው አሠራር፣ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ገምጋሚው ጋ አንድ ማዘዣ ከቆመ ቢለሩም፣ ካሸሩም፣ መድኃኒቱን አስረክቦ አወሳሰዱን የሚያስረዳው ካውንስለርም አብረው ይቆማሉ።

ማዘዣው ላይ ሁለት መድኃኒት ነው ያለው፦ ሜቶትሬክሴት 10 ሚሊ ግራም እና ፎሊክ አሲድ 5 ሚሊ ግራም። ዕድሜ 61፣ ፆታ ሴት፣ የሐኪሙ ፊርማና ቲተር (የስም ማኅተም) በቦታቸው አሉ። የበሽታው ዓይነት የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነው። ከሜቶትሬክሴቱ ጎን «በየቀኑ» ማለት የሆኑት ሁለቱ የላቲን ፊደላት ተጽፈዋል። «በየሳምንቱ» ለማለት ታስቦ እጅ ስቶ ይሆናል እንዳይባል ብዛቱ 120 ፍሬ ይላል። ባለ 2.5 ሚሊ ግራሙ በቀን 4 ፍሬ፣ ለ30 ቀን። በሳምንት አንዴ ቢሆን ለአራት ሳምንት 16 ፍሬ ይበቃ ነበር።

ማዘዣውን ያመጣችው ልጃቸው ናት። እናትየው ግድግዳውን ተደግፈው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ የእጃቸው ጣቶች አብጠውና ጎብጠው ከሩቅ ይታያሉ። ባልደረባችን «እማማን ምንድን ነው የሚያማቸው?» ብላ ጠየቀች። «መገጣጠሚያዋን ነው፤ ጠዋት ጠዋት እጇ አይታጠፍም» አለች ልጅቷ። ለመገጣጠሚያ ብግነት (ሪህማቶይድ) ሜቶትሬክሴት የሚሰጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። 10 ሚሊ ግራም በየቀኑ የሚወስድ ሰው በአንድ ሳምንት 70 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የሰባት ሳምንት መድኃኒቱን ይጨርሳል። መጀመሪያ አፉ ይቆስላል፣ ያስታውከዋል። ቀጥሎ መቅኔው ደም መሥራት ያቆማል፤ ነጭ የደም ሴሉና ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ይወርዳሉ፣ ኢንፌክሽንና መድማት ይከተላሉ። መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊታቸው የደከመ አረጋውያን ላይ ፈጥኖ ይከማቻል። የሚያስፈራው ደግሞ የአፍ ቁስሉ ሲጀምር በሽተኛው በአቅራቢያው ካለ መድኃኒት መደብር ገብቶ የአፍ ቁስል መድኃኒት ገዝቶ መመለሱ ነው። ሻጩ ሌላ ምን እንደሚወስድ ካልጠየቀው ሜቶትሬክሴቱን በዚያው ይቀጥላል። ኮትሪሞክሳዞል የተባለው አንቲባዮቲክ ከተጨመረበትማ ጉዳቱ ይብሳል።

ባልደረባችን የውስጥ ስልኩን አነሳች። ባንኮኒው ጠባብ ስለሆነ ሁላችንም ሰማን።

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ከፋርማሲ ነው። የሜቶትሬክሴቱን ማዘዣ ላረጋግጥ ብዬ ነው። በየቀኑ ነው ያዘዙት ወይስ በሳምንት?»

«ማንበብ አትችዪም?»

«እችላለሁ፤ በየቀኑ ነው የሚለው። እኔ ግን በሳምንት አስበው ይመስለኛል፤ ሪህማቶይድ ከሆነ…»

«እንግዲያው የጻፍኩትን ስጪ። እዚህ ሃያ ሰው ቆሞብኛል።» ስልኩ ተዘጋ።

እሷ «እርስዎ» ስትለው እሱ «አንቺ» ይላታል፤ በዕድሜ ግን እሷ ትበልጠዋለች። ሆስፒታላችን ውስጥ ይህ የተለመደ ስለሆነ ማንም አያነሳውም። እኔ የማነሳው ሥራውን ስለሚነካ ነው። ገምጋሚ ሐኪም ዘንድ ሲደውል ፈቃድ እንደሚለምን ሰው ከተቆጠረ በሚቀጥለው ቀን አይደውልም፤ አይቶ እንዳላየ ወደ ቢለሩ ያሳልፋል። ሰልፉም ሲጮህበት ይውላል።

ያን ሰዓት በእጇ የነበሩት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው እንደተጻፈው 120ውን ፍሬ መስጠት ነው። ሁለተኛው በራሷ «በሳምንት» ብላ አርማ 16 መስጠት ነው፤ ብዙዎቻችን ለበሽተኛው አዝነን የምናደርገው ይህንን ነው። ግን ፋርማሲስት ያለ አዛዡ ስምምነት መጠንም ድግግሞሽም መቀየር አይችልም። በሽተኛው የመገጣጠሚያ ሳይሆን ሌላ ሕመም ያለበት ቢሆንስ? ሜቶትሬክሴት ለካንሰርም ይታዘዛል፤ መጠኑም አሰጣጡም ሌላ ነው፣ የምርመራው መስመር ደግሞ ባዶ ነው። ሦስተኛው አለመስጠት ነው። እዚህ ላይ መድኃኒቱን ማወቅ ይጠቅማል፦ ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ ሥራ የሚጀምረው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ እስከ ሰኞ ቢዘገይ እማማን የሚጎዳቸው ነገር የለም። ኢንሱሊን ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እንዲህ «ሰኞ ተመለሱ» ማለት አይቻልም ነበር፤ ሐኪሙ ያለበት ክፍል ድረስ መሮጥ ነው።

ሦስተኛውን መረጠች። በማዘዣው ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማንን እንዳነጋገረች፣ ምን እንደተባለች ጻፈችና ፈረመች። ልጅቷን ወደ ጎን ጠርታ ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቷ አለቀሰች። ከገጠር ነው የመጡት፤ ሦስት ሌሊት የሚያድሩበት ዘመድ ጋ መደወል አለባት።

ይህን ጊዜ የዕለቱ አስተባባሪ መጣ። ሰልፉ ለምን እንደቆመ ጠየቀ፣ ማዘዣውን ገለበጠ። «ሐኪሙ ፈርሟል፣ ቲተር አድርጓል፤ ኃላፊነቱ የእሱ ነው፤ አንቺ ምን አገባሽ?» አላት።

ይህን አባባል በየፋርማሲው እሰማዋለሁ፤ ሰው እስር ቤት የሚያስገባ አባባል ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ንኡስ አንቀጽ 2 የሰውን ሕይወት፣ ጤንነት ወይም ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ይደነግጋል። ሐኪምንና አሽከርካሪን የሚጠራው ለምሳሌነት ነው፤ መለኪያው ግዴታው ነው፣ መድኃኒት የሚያድል ባለሙያም ያው ግዴታ አለበት። ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከሆነማ ንኡስ አንቀጽ 3 ወደ ጽኑ እስራት፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ይወስደዋል። በፍትሐ ብሔር በኩልም አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል። መጠንና ድግግሞሽ ማመሳከር የገምጋሚ ዋና ሥራ ነው፤ ገምጋሚ የተቀመጠውም ለዚሁ ነው። የሐኪሙ ስሕተት የሐኪሙን ተጠያቂነት ያመጣል፤ የገምጋሚውን አያነሳም። ሁለቱም ጎን ለጎን ሊከሰሱ ይችላሉ።

ባልደረባችን ይህን ሁሉ አልተናገረችም። «መስጠት አልችልም፤ እርስዎ ከፈለጉ ስምዎን ጽፈው ፈርመው ይስጡ» ብቻ አለችው። አስተባባሪው ወረቀቱን መልሶ አስቀመጠና ሄደ።

ሰኞ ጠዋት እናትና ልጅ የክፍሉ ከፍተኛ ሐኪም ዘንድ ገቡ። አዲስ ማዘዣ ይዘው ወጡ፦ 4 ፍሬ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠቅላላ 16፤ ፎሊክ አሲዱ በሌላ ቀን። ካውንስሊንጉን የሠራችው ራሷ ነበረች። ቀኑን እሑድ አደረገችው። ሰኞን የማትመርጠው በምክንያት ነው፤ ኤንቨሎፑ ላይ «ሰኞ» ተብሎ ሲጻፍ ማክሰኞ ነው ብሎ የሚያነብ አለ፣ የ«ማክሰኞ» ግማሽ ሲደበዝዝም ሰኞ ይሆናል። እሑድን ግን ማንም ከሌላ ቀን አያምታታውም። «እሑድ ብቻ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አራቱን ፍሬ በአንዴ» ብላ በትልቁ ጻፈች። «በሌላ ቀን አትውሰጂ» የሚለውንም እናትየው ራሳቸው እስኪደግሙት አልለቀቀቻቸውም። አፍ ቢቆስል ወይም ቢያተኩስ መድኃኒቱን አቁመው ወዲያው እንዲመለሱ ለልጅቷ ለብቻዋ ነገረቻት።

የዓርቡ ማዘዣ የት ሄደ? ሰኞ ልጅቷ ይዛው ገብታ ነበር። አዲሱ ሲጻፍ አሮጌው እዚያው ተቀደደ፤ ከጀርባው የተጻፈው አብሮ ቅርጫት ገባ። ይህን ማንም በክፋት ያደረገው አይመስለኝም፤ ግን ቀዳዳው ያለው እዚህ ጋ ነው። የተሸጠበት ማዘዣ ፋርማሲው ዘንድ ይቀራል፤ ተራው 2 ዓመት፣ የናርኮቲክና የሳይኮትሮፒክ (የአደንዛዥና አእምሮ ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች) ልዩ ማዘዣ 5 ዓመት ይቀመጣል። ያልተሸጠበት ማዘዣ ግን ወደ በሽተኛው እጅ ይመለሳል። ፋርማሲስት የከለከለው መድኃኒት ማኅደር የለውም ማለት ነው። ሰው ያዳነበት ቀን ወረቀት አይገኝለትም።

ለዚህም ነው በሳምንቱ ስብሰባ ላይ «በሽተኛ አጉላላች፣ ሰልፍ አስቆመች» ተብሎ ሲቀርብባት የምታሳየው ያጣችው። እኛ የሰማነውን ተናገርን። ሐኪሙ «በሳምንት ነው ያልኳት» አለ። ማዘዣው የለም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት።

ከዚያ ወዲህ ባንኮኒው ላይ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ አለ። የካርድ ቁጥር፣ የመድኃኒቱ ስም፣ የታዘዘው፣ የተጠረጠረው፣ የተደወለበት ሰዓት፣ የሐኪሙ መልስ ቃል በቃል፣ የሁለት ባለሙያ ፊርማ ይሰፍርበታል። ማዘዣው ለበሽተኛው ከመመለሱ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሳና ህትመቱ ገጹ ላይ ይለጠፋል፤ የበሽተኛው ስም ይሸፈናል፣ ፎቶው ከስልኩ ይጠፋል። መዝገቡ ከልዩ ማዘዣዎቹ ጋር በቁልፍ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ገጽ የዓርቡን ታሪክ ከትውስታ ልትጽፈው ፈልጋ ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኳት፣ ዋናው በሌለበት ዋጋ የለውም ብዬ። ባልከለክላት ይሻል ነበር። የመጀመሪያው መስመር አሁንም ባዶ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ደግሞ ከግል ማኅደሯ አልተነሳም።