ዛሬ አቴንስ፣ ግሪክ ያለው አክሮፖሊስ ኮረብታ ላይ ወጣሁ
እግሬ እስኪዝል ዳገቱን ወጥቼ ፓርተኖን ፊት ስደርስ ዝም ብዬ ቆምኩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ447 መሠራት የጀመረ ቤተ መቅደስ ነው እኮ! በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ ከዚያ መስጊድ። ኦቶማኖች ባሩድ አከማችተውበት ሳለ በ1687 እ.ኤ.አ. የቬኒስ ጦር በመድፍ ሲመታው መሃሉ ፈንድቶ ፈረሰ።

ሆዴን ያባባው ግን የአክሮፖሊስ ሙዚየም ነው። ኤሬክቴዮን ከሚባለው ቤተ መቅደስ የመጡ፣ በሴት አምሳል የተቀረጹ ዓምዶች አሉ። ከኋላቸው ዞሬ ሹሩባቸውን አየሁት፤ እብነ በረድ መሆኑን እስክረሳ ድረስ ጉንጉኑ ወፍሮ ጀርባቸው ላይ ወርዷል። ስድስት ነበሩ፣ እዚህ ያሉት አምስት ናቸው። ስድስተኛዋን የብሪታንያ አምባሳደር የነበረው ሎርድ ኤልጂን ወስዷት ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ናት። ቦታዋን ባዶ ትተውላታል። ከመቅደላ የተዘረፉ ታቦቶቻችንም እዚያው ሙዚየም ስላሉ ባዶውን ቦታ አይቼ ማለፍ አቃተኝ። እህቶቿ ጋ ትመለስ!