ደመወዝ ሳይከፈል ስድስት ወር ሲያልፍ

ለነፃ የሕግ ምክር ወደ እኔ ከሚመጡ ሠራተኞች መካከል ውዝፍ ደመወዛቸውን የመጠየቅ መብት ያጡት፣ በአብዛኛው አሠሪው ዕዳውን የካደባቸው ሳይሆኑ እያባበለ ያቆያቸው ናቸው። «ከበዓል በኋላ»፣ «የፕሮጀክቱ ክፍያ ሲለቀቅ» እየተባሉ ሲጠብቁ ይርጋው፣ ማለትም ሕጉ ለክስ ማቅረቢያ የሰጠው የጊዜ ገደብ፣ ይደርስባቸዋል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ክፍያው ሊፈጸም ይገባ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል። ጊዜው ለእያንዳንዱ ወር ደመወዝ ለየብቻው ስለሚቆጠር፣ 8 ወር ሳይከፈለው ሥራ ላይ የቆየ ሰው የመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ በይርጋ ታግዶበት ሊያገኘው ይችላል። ዕቃ በዱቤ የሸጠ ነጋዴ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ደንብ 10 ዓመት ሲኖረው፣ ጉልበቱን ያበደረ ሠራተኛ፣ ያውም እንጀራውን እንዳያጣ ፈርቶ ዝም ያለ፣ በ6 ወር መገደቡ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።

ስለዚህ መጠበቅ የመረጠ ሰው ቢያንስ የትኞቹ ወራት እንዳልተከፈሉት የሚገልጽ፣ የተፈረመ ደብዳቤ ከአሠሪው እንዲጠይቅ እመክራለሁ። ዕዳው በጽሑፍ ሲታመን ይርጋው ይቋረጣል፣ ማለትም ቆጠራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ በዚህ ምክንያት የሚቋረጠው ግን ከሦስት ጊዜ ላልበለጠ ነው። የቃል ተስፋ ይህን ውጤት አያስከትልም። ደብዳቤውን የሚከለክል አሠሪ ከገጠመ፣ ሳይዘገዩ ለሥራ ክርክር ችሎት ክስ ማቅረብ ይሻላል።

ሥራው ተቋርጦ ከሆነ አሠሪው የሚፈለግበትን ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ በመጠኑ ላይ ክርክር ቢነሳ እንኳ ያመነውን ያህል በዚሁ ጊዜ ይከፍላል። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር የሚደርስ ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊያዝዘው ይችላል። ይህን ድንጋጌ በክሳቸው ውስጥ የሚጠቅሱ ሠራተኞች ጥቂት መሆናቸው ያሳዝነኛል። ሥራው በስምምነት ሲቋረጥም «ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ማስፈረም የተለመደ ነው፤ ሠራተኛው ሕግ የሰጠውን መብት መተዉ ግን ሕጋዊ ውጤት የለውም።

የጽሑፍ ውል አለመኖሩም ብዙዎችን ያስፈራቸዋል። የቅጥሩን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ በ15 ቀናት ውስጥ የመስጠት ግዴታ፣ እንዲሁም የደመወዝ መክፈያ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት አሠሪው ነው፤ የእሱ ጉድለት የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። እንዲህም ሆኖ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የመታወቂያ ካርድና የቴሌግራም መልእክቶች ለችሎቱ ያግዛሉና አይጥፉ።

የቤት ሠራተኞች የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጁ ወሰን ውጭ በመሆኑ፣ ከላይ ያልኩት በእነሱ ላይ እንዳለ አይሠራም፤ የእነሱ ጉዳይ የሚታየው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለሆነ ለብቻው እጽፍበታለሁ።