ውሃ ያልነካው ፀጉር አይበጠርም

ቅዳሜ ማታ ነው። ልጄ ተኝታለች። ጣቶቼ ዝለዋል፤ ቢሆንም ሳልተኛ ትንሽ ልጻፍ።

የእሷን ፀጉር መሥራት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጎረቤቶቼ ይገርማቸዋል። «ለአንድ ሕፃን ፀጉር ይሄን ሁሉ?» ይሉኛል። አዎ፣ ይሄን ሁሉ። ሰባት ዓመቷ ነው። ፀጉሯ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከሥሩ ጀምሮ የተጠቀለለ ነው። ሳብ ሲያደርጉት ትከሻዋን አልፎ ይወርዳል፤ ሲለቁት ተመልሶ ጆሮዋ ላይ ይሰበሰባል። እንዲህ ዓይነት ፀጉር ያለው ልጅ ያላት እናት የምትሰማው ምክር የትም አንድ ነው። «ከርዳዳ ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ፣ አስተኩሺው።» «ሪላክሰር፣ ያን ፀጉር የሚያቃና ኬሚካል፣ አድርጊላትና ተገላገይ።» እንዲህ ሲሉኝ ከልቤ እናደዳለሁ። የልጄ ፀጉር ሸክም ሆኖብኝ አያውቅም። የሚፈልገው ውሃና የሚታገስ እጅ ነው። በተለይ ውሃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀጉር ወዝ የሚያገኘው ከራስ ቆዳ ነው። ቀጥ ያለ ፀጉር ላይ ወዙ በቀላሉ እስከ ጫፍ ይወርዳል። የተጠቀለለው ላይ ግን በየጥምዝዙ እየተያዘ ሥሩ አካባቢ ይቀራል። ስለዚህ ራስ ቆዳዋ ወዛም ሆኖ ጫፉ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ጥምዝ ለመሰበር የተጋለጠ ቦታ ነው። ደረቁን ፀጉር በማበጠሪያ ስንጎትት የምንሰማው ያ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ፀጉሩ ሲበጠስ ነው። ከዚያ «የዚች ልጅ ፀጉር አያድግም» እንላለን። የሰው ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ የእሷም ያድጋል። ከላይ ባደገው ልክ ከታች ስንሰብረው ነው ርዝመቱ የማይታየን።

ለዚህ ነው በቤታችን ውሃ ያልነካው ፀጉር የማይበጠረው። እማዬ እንኳ ይህን ሕግ ታከብራለች፤ እያጉረመረመችም ቢሆን።

የሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ዛሬ ጠዋት ጀሪካኖቹን ሞላሁ፣ አንድ ድስት ውሃ ለብ አደረግኩ፣ ልጄን በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። ፀጉሯን አራት ቦታ ከፍዬ ያዝኩት። ሻምፖ የሚነካው የራስ ቆዳዋን ብቻ ነው። ሲለቀለቅ የሚወርደው አረፋ ለጫፎቹ ይበቃል። ከዚያ ኮንዲሽነር፣ ያውም በብዛት። ፀጉሩ ውሃው እየተንጠባጠበ ነው የሚቀባው፤ ከደረቀ በኋላ ቢቀቡት ላዩ ላይ ይቀራል።

ቀጥሎ ያለው እኔ የምወደው ነው። መጀመሪያ በጣት። አንዱን ክፍል እይዝና ከጫፉ ጀምሬ ቋጠሮ እፈልጋለሁ። ዛሬ ከማጅራቷ ከፍ ብሎ አንድ ክፉ ቋጠሮ አገኘሁ። የሹራቧ ክር አብሮ ተጠምጥሞበታል። ከቋጠሮው በላይ ወደ ሥሩ በግራ እጄ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። እንዲህ ሲያዝ የሚሳበው የእኔ ጣት ነው፣ ራሷን አያማትም። ኮንዲሽነር ጨመርኩ። አንዷን ፀጉር ወደ ግራ፣ ሌላዋን ወደ ቀኝ፣ ቀስ እያልኩ። በመጨረሻ ክሩ ወጣ። ከዚያ ጥርሱ ሰፊ የሆነውን ማበጠሪያ አነሣሁ። ከጫፉ ሁለት ጣት፣ ቀጥሎ አራት ጣት፣ እንዲህ እያልኩ ወደ ሥሩ ወጣሁ። ከላይ ወደ ታች የሚያበጥር ሰው ቋጠሮውን እያጠበቀው ነው የሚሄደው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል። ልጄ ስለ ጓደኛዋ ድመት እያወራችኝ ጨረስን።

ፎጣ አንጠቀምም። ሻካራ ስለሆነ ጥምዝዙን ይበታትነዋል። ያረጀ የጥጥ ቲሸርት ጠቅለል አድርጎ ውሃውን ማስመጠጥ ይበቃል።

ጄል የምሠራው ከተልባ ነው። ተልባ የሌለበት ቤት መቼም የለም፤ ግን ያልተቆላ መሆን አለበት። ለፍትፍት የተቆላው ወይም የተፈጨው አይሆንም። ሩብ ኩባያ ተልባ ከሁለት ኩባያ ውሃ ጋር ጥዶ አሥር ደቂቃ ያህል ማማሰል። እንደ እንቁላል ነጭ ሲዝለገለግ ይወርዳል። አደራ፣ ትኩሱን ነው የሚጠለለው። ከቀዘቀዘ ከፍሬው መለየት ሥቃይ ነው። እኔ በንጹሕ ስቶኪንግ ጨምቄ ነው የማወጣው። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ ሽታው ከተለወጠ ይደፋል። ሱቅ ያለውን ውድ ጄል ሞክሬዋለሁ፤ ተልባው ይበልጥብኛል።

ሲቀባም በእርጥቡ ነው። ከዚያ በመዳፍ ከጫፉ ወደ ላይ ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ። ጥምዝዞቹ በራሳቸው ይሰበሰባሉ። እስኪደርቅ ማንም አይነካውም። ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ይጠነክራል፤ ያኔ መዳፍ ላይ ጥቂት ጠብታ ዘይት አድርጎ ማሸት ነው። ጥንካሬው ይሄዳል፣ ቅርጹ ይቀራል። ለትምህርት ሳምንት ግን እንደ ዛሬው ሁለት ሁለት አድርጎ መጠምዘዝ ይሻላል፤ ጠዋት ጠዋት ማበጠሪያ አያስነሣም። ስትተኛ የሳቲን ሻሽ አስርላታለሁ። የጥጥ ትራስ ጨርቅ ወዙን ይመጠዋል፣ ፀጉሩንም ይፈትገዋል።

በቅቤ ጉዳይ ከእማዬ ጋር እስካሁን አልተስማማንም። እሷ ለጋውን ቅቤ ከአደስ ጋር አድርጋ አናት ላይ ጣል ነው የምታደርገው፤ ቀልጦ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። እሷም እናቷም በዚህ ነው ያደጉት፣ ፀጉራቸውም ምስክር ነው። እኔም ቅቤን አልነቅፍም። ቅቤ ግን ውሃ አይሰጥም። ያለው ውሃ እንዳይወጣ ነው የሚዘጋው። ደረቅ ፀጉር ላይ ሲቀባ ድርቀቱን ይዘጋበታል፤ እርጥብ ፀጉር ላይ ሲቀባ ግን ድንቅ ነው። ሌላው ፎረፎር ነው። ራስ ቆዳ ላይ የሚኖር፣ ፎረፎርን የሚያባብስ ፈንገስ አለ፤ ምግቡ ቅባት ነው። ፎረፎር ያለው ራስ ላይ ቅቤ ለቀናት ሲከርም ማሳከኩ ይብሳል። ስለዚህ ለልጄ ቅቤው ከፀጉሩ መሐል እስከ ጫፉ ነው፣ ያውም ትንሽ። እማዬ «ቅቤ የአናት ነው!» ትላለች። የእሷን አናት እኔው ራሴ እቀባላታለሁ። አደሱ ሲሸት ደስ ይለኛል።

ስለ ወቅቱም አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የበጋው አየር ደረቅ ነው። ሁላችንም ቤት ያለው ግሊስሪን እርጥበት ይስባል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ግን ከፀጉሩ ከራሱ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ በበጋ በውሃ በደንብ አቅጥኜ፣ ላዩን በዘይት እዘጋዋለሁ። በክረምት ፀጉሩ ይነፋል፤ ይነፋ፣ ያምርበታል።

ሹሩባ እወዳለሁ። ፀጉሩንም ያሳርፈዋል። የምጣላው ከማጥበቅ ጋር ነው። ለጥምቀት ልናሠራት አንድ ፀጉር ቤት ሄደን ነበር። የምትጎነጉነው ልጅ እጇ ፈጣን ነው፣ ሥራዋም ያምራል። ግንባሯ ጋ ስትደርስ ግን ቆዳው ተነሥቶ የልጄ ቅንድብ አብሮ ሲሳብ አየሁ። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ዝም አለች። «እህቴ፣ ላላ አድርጊላት» አልኩ። «ላላ ካለ ሳምንት አይቆይም» አለችኝ። «ሦስት ቀን ይቆይ፣ ይበቃናል።» ቅር ቢላትም ፈትታ አላላችው። ልጆች በዚህ ሰዓት የሚነገራቸው «ለማማር መቻል ነው» የሚል ነው። እኔ አልቀበለውም። ፀጉር ለረጅም ጊዜ ከሥሩ ሲሳብ ሥሩ ይጎዳል። መጀመሪያ ብጉር መሰል ነገርና ሕመም ይመጣል፣ ከዚያ ይሳሳል። በጊዜ ካቆሙት ተመልሶ ያድጋል፤ ከቆየ ግን ቦታው ጠባሳ ሆኖ ይቀራል፣ ፀጉር አይበቅልበትም። አክስቴ ሻሿን ከግንባሯ ዝቅ አድርጋ የምታስረው ለዚህ ነው። የሚያም ሹሩባ ጠብቋል ማለት ነው፣ ይፈታ።

ያን ቀን እንዳታለቅስ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ አወራኋት። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ እንግሊዞቹ ከፀጉራቸው ቆርጠው ወሰዱ። ለንደን ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ውስጥ የነበረው ያ ቁራጭ ፀጉር በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ልጄ ሥዕላቸውን ታውቀዋለች። «እንደሳቸው ወደ ኋላ ይሁንልኝ» አለች። ወደ ኋላ ሆነላት።

አባቶቻችን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጎፈሬያቸውን አሳድገው ነው ዱር የኖሩት። ፎቷቸውን ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን፣ እንኮራለን። ከትምህርት ቤት «ፀጉሯ ተበጥሮ ይምጣ» የሚል ማስታወሻ የመጣልኝ ግን ታጥቦ፣ ተፈትቶ፣ አምሮ በዋለ ጎፈሬ ነው። ሄጄ አስተማሪዋን በትሕትና አነጋገርኳት። ፀጉሯን ነካ አድርጋ አየችው፣ ለስላሳነቱ ገረማት። ከዚያ ወዲህ ማስታወሻ አልመጣም።

አሁን ሐሳቤ ሠርጉ ላይ ነው። ከፋሲካ በኋላ እህቴ ታገባለች፤ ልጄ ከትንንሾቹ ሚዜዎች አንዷ ናት። ዘመዶች በሙሉ ፔስትራ፣ የፀጉር መተኮሻውን፣ እያሉ ነው። ፔስትራ 200 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። አንድ ቀን ቢተኮስ ሲታጠብ ይመለስ ይሆናል። ሲደጋገም ግን የፀጉሩ ፕሮቲን ይጎዳል፤ ያኔ ቢታጠብም አይጠቀለልም፣ እንደተንጨባረረ ይቀራል። ሪላክሰር ደግሞ ጭራሽ የውስጡን ትስስር ለዘለቄታው ነው የሚበጥሰው። ትልቅ ሴት በራሷ ፀጉር ላይ ትወስን፣ ምርጫዋ ነው። የምትተኩስ ጓደኛ አለችኝ፣ ታምራለች። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ገና ፀጉሯን እየለመደችው ነው። የራሷን ሳታውቀው እንዳትቀይረው እፈልጋለሁ።

እህቴን ደውዬ ጠየቅኳት። «በጎፈሬዋ ትምጣልኝ፣ ነጭ አበባ እንሰካላታለን» አለች። እማዬ ሁለት ቀን አኮረፈች። ትናንት «እንግዲያው ቅቤ ትቀባ» ብላ መጣች። እሺ አልኳት፣ ከጫፉ። ሐሙስ ማታ እጠምዝዘዋለሁ፣ ሠርጉ ቀን ጠዋት እፈታዋለሁ። አበባው በግራ በኩል ይሰካል፤ የመረጠችው እሷ ናት።