አልዞርም ያለው ፓክማን

ቤት ውስጥ በእጄ የሠራሁት የድሮ ቪዲዮ ጨዋታ ማሽን ያለቀ ዕለት የመጀመሪያውን ጨዋታ ለእናቴ ሰጠናት። በርጩማ ስበን አስቀመጥናት፣ ቢጫ ኳስ ከመናፍስት እየሸሸ ጠባብ መንገዶች ውስጥ የሚሮጥበትን ፓክማንን ከፈትንላት፣ ልጆቹ ግራና ቀኟ ቆሙ። ደቂቃ አልሞላም፤ ቢጫው ኳስ መታጠፍ የነበረበትን ጥግ አልፎ ቀጥ ብሎ ሄደና ከቀዩ መንፈስ ጋር ተላተመ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም። «ወደ ላይ ስለው አይሰማም እኮ» አለች እጇን እያራገፈች። ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁና «ልምድ ነው እማዬ፣ ትለምጂዋለሽ» አልኳት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲያ እያልኳት ከረምኩ። ጥፋቱ ግን የእሷ አልነበረም።

ማሽኑን እንድሠራ ያነሳሳኝ አንድ አሮጌ ባለ 19 ኢንች ሞኒተር ነው፤ ስፋቱና ቁመቱ የሚቀራረብ፣ ዛሬ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ዓይነት። ለድሮ ጨዋታ ግን ከሰፊው ቴሌቪዥን ይሻላል። ፓክማን በ1980 ሲወጣ ስክሪኑ ወደ ላይ የቆመ ነበር፣ 224 በ288 ነጥብ። ሰፊ ስክሪን ላይ ሲከፈት መሃል ላይ ይቀጥንና ግራና ቀኙ ባዶ ጥቁር ይሆናል። «የድሮውን ወፍራም ስክሪን ካላደረግክበት ምኑን ማሽን ሆነ» ያሉኝም አልጠፉም። እሱን ከፍቼ አልነካካም። ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ለሰው የሚያሰጋ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ እኔ ቤት ደግሞ ቀዳዳ ባየችበት ሁሉ ጣቷን የምትሰድ የስድስት ዓመት ልጅ አለች።

አንጎሉ ራስቤሪ ፓይ 4 ነው፣ መዳፍ ላይ የምታርፍ ትንሽ ኮምፒውተር። የድሮ ጨዋታዎችን የሚያስኬደውን ሬትሮፓይ የተባለ ሶፍትዌር ጫንኩበት። ከእሱ ጋር የሚሠራው ሜም የተባለው ፕሮግራም ከ1997 ጀምሮ የድሮ ማሽኖችን ባሕርይ በሶፍትዌር ሲኮርጅ የኖረ ነው። ፕሮግራሙ በነጻ ይገኛል፤ ጨዋታዎቹ ግን ባለቤት አላቸው። ከኢንተርኔት እንደ ልብ መልቀም የተፈቀደ የሚመስላችሁ ካላችሁ አይደለም። ባለቤቶቻቸው ራሳቸው በነጻ የለቀቋቸው አሉ፣ እስከ ዛሬ የሚሸጡም አሉ። ይህን ካለፉ የሶፍትዌሩ ሥራ የአንድ ምሽት ነው። መከራው ያለው እንጨቱ ላይ ነው።

ሣጥኑን በ18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ፣ ከእንጨት ብናኝ በተጨመቀ ጣውላ፣ ሠራሁት። ከፍታውን የለካሁት በራሴ ነው፤ ቆሜ ክንዴን አጠፍኩ፣ እጄ ካረፈበት እስከ ወለል ለካሁ፣ 97 ሴንቲሜትር። ቆረጥኩ፣ አጣበቅሁ፣ ቀለም ቀባሁ። ከዚያ ትንሿ ልጄ መጥታ ፊቱ ቆመች። ጆይስቲኩ፣ ማለትም በእጅ የሚገፋው መቆጣጠሪያ ዱላ፣ ያለበት ሰሌዳ አገጯ ላይ ደረሰ። ምንም አላለችም፤ ሄዳ ወንበር አመጣችና ወጣችበት፣ ወንበሩም ተንሸራተተ። እሷ አልተጎዳችም፣ ቀለሙ ግን ተላጠ። በማግሥቱ ከታች 25 ሴንቲሜትር ቆርጬ ጣልኩለት። አሁን ትልቅ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይጫወታል፣ ልጅ ቆሞ። መጀመሪያውኑ በካርቶን ሠርቼ ሁሉንም ብለካበት ኖሮ ሁለት ቅዳሜ በተረፈኝ።

ቁልፎቹም አስለቅሰውኛል። ትልልቆቹ ቁልፎች 30 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋሉ። እጄ ላይ የነበረው መሰርሰሪያ 28 ነበር፤ «ሁለት ሚሊሜትር ምን አላት» ብዬ አሥራ ሁለቱንም በሳኋቸው። አንድም ቁልፍ አልገባ አለ። ዱላ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልዬ እያንዳንዱን ቀዳዳ ስፈትግ ሁለት ማታ ፈጀሁ። አቧራው ሳንባ የሚገባ ክፉ አቧራ ነውና ያለ ጭምብል እንዳትሞክሩት። አሥራ ሁለት የሆኑት ለአንድ ተጫዋች ስድስት ስድስት ስለሆነ ነው፤ በ1991 የወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ሦስት ለቡጢ፣ ሦስት ለእርግጫ ይፈልጋል፣ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ ደግሞ ያለ እሱ አይሆንለትም። እናቴ ሰሌዳውን አይታ «ይሄ ሁሉ ለእኔ ነው?» አለች። ለፓክማን አንድም ቁልፍ አያስፈልግም፣ ጆይስቲኩ ብቻ ይበቃል።

ስለ ሽቦው ብዙ አላወራም። ግራውንዱ፣ የቁልፎቹ ሁሉ የጋራ መመለሻ ሽቦ፣ ከቁልፍ ወደ ቁልፍ እየተቀባበለ የሚሄድ አንድ መስመር ነው፤ አንዷ መጋጠሚያ ስትላላ ከእሷ በኋላ ያሉት በሙሉ ይሞታሉ። የሁለተኛው ተጫዋች ቁልፎች ከሦስተኛው ጀምሮ ሲዘጉብኝ ሰርኪዩቱ ተቃጠለ ብዬ አዲስ ላዝ ነበር፤ የላላችውን መጋጠሚያ በጣቴ ጫን ሳደርጋት ሁሉም ነፍስ ዘሩ። ሌላው መዓት ሚሞሪ ካርዱ ነው። ጨዋታ ላይ እያለን ትንሿ ልጄ ሶኬቱን ነቀለችና ካርዱ ተበላሸ፣ ሁሉንም እንደገና ጫንኩ። አሁን ከኋላ የማጥፊያ ቁልፍ አለው፣ የካርዱም ቅጂ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ወደ እናቴ ልመለስ። አንድ ማታ ቁልፎቹን የሚፈትሸውን ገጽ ከፍቼ ሳለሁ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ዝም ብላ ጆይስቲኩን ነካካችው። ስክሪኑ ላይ «ቀኝ» እና «ላይ» አንድ ላይ በሩ። እንደገና አደረገችው፣ እንደገና ሁለቱ በሩ። የዚያን ጊዜ ነው እጇን ያየሁት። እኔ ጆይስቲኩን ቀጭ ቀጭ ነው የማደርገው፤ እለቀዋለሁ፣ ወደ መሃል ይመለሳል፣ እንደገና እገፋዋለሁ። እሷ ግን እንደ መኪና መሪ ሳትለቀው ከቀኝ ወደ ላይ ታዞረዋለች። በመንገዷ ላይ ደግሞ ጥግ አለ። ጥጉ ላይ የሁለቱ አቅጣጫዎች ማይክሮስዊቾች፣ ዱላው ሲገፋ የሚነካቸው ትንንሽ ማብሪያዎች፣ አንድ ላይ ይጫናሉ፤ አራት አቅጣጫ ብቻ የሚያውቀው ፓክማን ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፣ የሚመርጠው እሷ ያሰበችውን ላይሆን ይችላል። የ1980ው ማሽን ጆይስቲክም ባለ አራት አቅጣጫ ነበር። እኔ የገጠምኩት ባለ ስምንት ነው።

ጆይስቲኩን ገልብጬ ከሥሩ ያለችውን የፕላስቲክ ሳህን አወጣሁ። መሃሏ አራት ማዕዘን የተበሳች ናት፤ የዱላው እግር የሚንቀሳቀሰው እዚያች ቀዳዳ ውስጥ ነው። 45 ዲግሪ አዙሬ ስመልሳት ጥጎቿ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዞሩ፤ ዱላው ሁለት ስዊች አንድ ላይ የሚነካበት ቦታ አጣ። እናቴ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ስክሪን ሳትሞት ጨረሰች። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ።

ደስታው አንድ ቀን ቆየ። ልጄ ስትሪት ፋይተር ከፍቶ «አባዬ፣ ወደ ፊት መዝለል አልቻልኩም!» አለ። እውነት ነው፤ ያ ጨዋታ ያለ ሰያፍ አይሆንም። ሳህኗን ለእሱ ሳዞር፣ ለእሷ ስመልስ አንድ ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ ቀለሙ ደርቆ ያለቀውን ሰሌዳ መሃሉን እንደገና በሳሁትና ለብቻው አንዲት ትንሽ ባለ አራት አቅጣጫ ጆይስቲክ ተከልኩ። ቤት ውስጥ «የእማማ» ነው የምትባለው። ያለ እሷ ፈቃድ አትነካም።

ባለፈው ትንሿ ልጄ እናቴ ጉልበት ላይ ተቀምጣ፣ እናቴ ስለ መናፍስቱ ስታስተምራት ሰማሁ። «ቀዩ ከኋላ ነው የሚከተልሽ። ሮዟ ግን ተንኮለኛ ናት፤ የምትሄጂበትን ቀድማ ትጠብቅሻለች።» እንዳለፈው ጊዜ «እሺ እማዬ» ብዬ ልስቅ አልኩና ተውኩት። ሄጄ አነበብኩ። ሮዟ የምታነጣጥረው ፓክማን ካለበት ላይ ሳይሆን ፊቱ ካለው የጨዋታ ሜዳው አራተኛ ሳጥን ላይ ነው።

«ብርቱካናማውስ እማማ?» አለች ልጄ።

«እሱን ተዪው፤ ፈሪ ነው። ይመጣ ይመጣና ሲጠጋሽ ዞሮ ይሸሻል።»

እሱንም አነበብኩ። ስምንት ሳጥን ያህል ሲቀርበው ወደ ግራ ታችኛው ጥግ ያፈገፍጋል።