ከካሜራው በፊት ድምፁ፦ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ቪዲዮ ስሠራ የመሣሪያ ምርጫዬ የደረሰበት

በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ አካባቢ በግሌ አጫጭር ዘጋቢ ቪዲዮዎችን መሥራት ከጀመርሁ ወዲህ፣ በሥራው ላይ ያሉትም ሊጀምሩ ያሰቡትም ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ የትኛውን ካሜራ ቢገዙ እንደሚሻል ነው። ገንዘቡ ውስን ከሆነ መጀመሪያ ለድምፅ፣ ቀጥሎ ለብርሃን፣ ከዚያም ለፋይል ማስቀመጫ ይመደብ፤ ካሜራው በተረፈው ይገዛ የሚል ነው መልሴ። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ እጅግ ስለናረ፣ የግዢው ቅደም ተከተል ከቀድሞው ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። ከዚህ በታች የምጽፈው እስካሁን የያዝኋቸው መሣሪያዎች በዚህ አካባቢ ሁኔታ እንዴት እንደሠሩልኝ ነው።

አካባቢያችን ገላጣ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ በሕንፃዎቹ መካከል እየተገፋ ያፏጫል፤ ግንባታው ገና ስላላለቀም የገልባጭ መኪናውና የብረት መቁረጫው ድምፅ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። ካሜራው ላይ ያለው ማይክ ይህን ሁሉ ከተናጋሪው ቃል ጋር አንድ ላይ ይቀዳዋል፤ አንድ ጊዜ የተቀላቀለውን ደግሞ በቅንብር ጊዜ ለመለየት መሞከር ጊዜ ይፈጃል፣ ውጤቱም የተናጋሪውን ድምፅ የሚያደርቅ ነው። ተመልካች ትንሽ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ትቶት ይሄዳል። በገላጣ ቦታ ላይ በምንጩና በማይኩ መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ መጠን 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 2 ሜትር ላይ የነበረውን ማይክ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ማቅረብ ብቻ 18 ዴሲቤል ያህል ያስገኛል፤ የአካባቢው ጫጫታ ግን ባለበት ይቀራል። ውድ ማይክ ከሩቅ ከማስቀመጥ ርካሹን ከደረት ላይ መሰካት የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ የምጠቀመው ቦያ ኤም1 የተባለውን ልብስ ላይ የሚሰካ ባለ 6 ሜትር ገመድ ማይክ ሲሆን፣ የማገናኘው ዙም ኤች1ኤን ከተባለው ትንሽ ሪከርደር ጋር ነው። ሪከርደሩ በሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች 10 ሰዓት ገደማ ይሠራል፤ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያም አለው። ገመድ አልባዎቹ ማይኮች ለእንቅስቃሴ ምቹ መሆናቸውን አልክድም፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የሚሠሩት ዋይፋይ በሚጠቀምበት በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ስለሆነ፣ በየቤቱ ዋይፋይ ባለበት የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ውስጥ ገመድ የበለጠ ያስተማምነኛል። የድምፁን መጠን ከፍተኛው ጩኸት ሪከርደሩ ሳይበላሽ ከሚቀዳው ጣሪያ 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል (በማሳያው ላይ -12) አድርጌ አስተካክላለሁ፤ ሰው ሲስቅ ወይም ስሜቱ ሲነሣ ድምፁ ከፍ ስለሚል ይህ ክፍተት የግድ ያስፈልጋል። ምስሉንና ድምፁን በኋላ ለማገጣጠም እያንዳንዱን ቀረጻ ስጀምር ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ አጨበጭባለሁ።

ለነፋስ ከማይኩ ጋር የሚመጣው ስፖንጅ አይበቃም፤ ጸጉራም የሆነው መሸፈኛ ተጨምሮበት እንኳ ተናጋሪውን ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። እናቶችን ስቀርጽ ከሁሉም በላይ የማስብበት ነጠላው ነው። ጫፉ ማይኩን በነካው ቁጥር ኮሽታው ቃሉን ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ማይኩን ከቀሚሱ አንገት ውስጠኛ ጠርዝ ላይ በፕላስተር እይዘውና ነጠላው በትከሻ በኩል እንዲውል እጠይቃለሁ። ቤት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ችግሩ ወደ ማስተጋባት ይለወጣል፤ ግድግዳው ባዶ ልስን፣ ወለሉም ሴራሚክ ስለሆነ ድምፁ እየተመላለሰ የጉድጓድ ውስጥ ንግግር ይመስላል። ቡሉኮ ከካሜራው ጀርባ፣ ማለትም ተናጋሪው ፊቱን ባዞረበት በኩል መስቀል ልዩነቱን ወዲያውኑ ያሰማል፤ ጋቢ ብቻ ካለ ደርቦ መስቀል ይቻላል። ፍራሽ በጎን ማቆም ከተቻለ ደግሞ ለሥራዬ ከዚህ የተሻለ ስቱዲዮ አያስፈልገኝም።

ብርሃንን በተመለከተ ብዙ ያስተማረኝ እንጀራ ጋግረው ለሱቆች የሚያከፋፍሉ ጎረቤታችንን የቀረጽሁበት ሥራ ነው። የሚጋግሩት በሕንፃው የጋራ ማዕድ ቤት ውስጥ ሲሆን ክፍሉ ጠባብ፣ መስኮቱም ትንሽ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ኃይል የሚስበው በሺህ በሚቆጠር ዋት ስለሆነ፣ ምጣዱ ሲለኮስ በዚያው መስመር ላይ ያለው አምፖል ደብዘዝ ይላል፤ ምጣዱ ሲያርፍ ደግሞ ይፈካል። ግድግዳ ላይ በሚሰካ መብራት ቢቀረጽ የምስሉ ብርሃን በየደቂቃው ከፍና ዝቅ ይል ነበር። ስለዚህ በራሱ ባትሪ የሚሠራ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ይዤ ገብቼ፣ ፊታቸው ላይ ቀጥታ እንዳያርፍ ወደ ነጩ ግድግዳ አዙሬ አበራሁት፤ ከግድግዳው የተመለሰው ለስላሳ ብርሃን እንፋሎቱን ከጎን መትቶ አጉልቶ አወጣው። «ልጄ፣ ምጣዱ ከጋለ በኋላ እኔ አንተን አልጠብቅም» ብለውኝ ስለነበር ሁሉንም ያዘጋጀሁት ሊጡ ከመቅረቡ በፊት ነው።

የዚያ ቪዲዮ ልብ ሊጡ ምጣዱ ላይ ከዞረ በኋላ ዐይን የሚያወጣበት ቅጽበት ነው። ከዳር ጀምሮ ወደ መካከል ዐይኖቹ አንድ በአንድ ሲከፈቱ ለማሳየት በ50 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ፣ እስከሚቀርበው 35 ሳንቲ ሜትር ድረስ ተጠግቼ፣ ፎከሱን በእጅ አቁሜ ቀረጽሁት። አክንባሎው ሲከፈት እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ሌንስ ላይ ጤዛ ስለሚሆን፣ ካሜራውን ቀደም ብሎ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጦ ማለማመድ ያስፈልጋል።

ከብርሃን ጋር የሚያያዝ አንድ የካሜራ ቅንጅት አለ፤ ብዙ ጀማሪዎችም ትኩረት አይሰጡትም። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖልና የፍሎረሰንት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ካሜራው ለአሜሪካና ለጃፓን በተሠራው ኤንቲኤስሲ የተባለ የቪዲዮ ሥርዓት ላይ ተቀምጦ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ በ1/60 ሻተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት የሰከንድ ክፍልፋይ) ከቀረጸ ምስሉ ላይ የሚንቀሳቀሱ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። ሜኑ ውስጥ ገብቶ ለ50 ኸርዝ አገሮች የሚሆነውን ፓል የሚለውን መምረጥ፣ 25 ፍሬም ማድረግና ሻተሩን በ1/50 ወይም በ1/100 ማቆም መፍትሔ ነው። አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ከቤት ውጭ ችግሩ ተቃራኒ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በቀትር ወደ አናት ትጠጋለች፤ ዐይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፊቱ ይጠፋል። ቃለ መጠይቅን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አደርጋለሁ፤ በቀትር የግድ ከሆነ ሰውየውን ጥላ ውስጥ አስገብቼ ነጭ ፎም ሰሌዳ ከፊት ለፊቱ አቆማለሁ። ሻተሩ 1/50 ላይ መቆየት ስላለበት በጠራራ ፀሐይ፣ ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት ዝቅተኛ በሆነበት በአይኤስኦ 100 እንኳ፣ የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 22 ድረስ መጥበብ ይኖርበታል፤ ያን ጊዜ ምስሉ ጥራቱን ያጣል፣ ሌንሱ ወይም ዳሳሹ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ ያለ አቧራም ይታያል። ቀዳዳውን አስፍቶ በኤፍ 2.8 ለመቅረጽ ብርሃኑን ወደ አንድ ስልሳ አራተኛ የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ያስፈልጋል። እየተዞረ መጠኑ የሚቀያየረው ፊልተር ምቹ ቢሆንም፣ ርካሾቹ እስከ መጨረሻ ሲዞሩ በሰማዩ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥላ ስለሚጥሉ እኔ ቋሚውን እመርጣለሁ።

ስለ ካሜራው አጭር ነው የምለው። የያዝሁት በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ካነን 700ዲ ነው፤ ያገለገለ ነው የገዛሁት። ሙሉ ኤችዲ ይቀርጻል፣ የማይክ መሰኪያና የሚዞር ስክሪን አለው፤ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ግን የለውም፣ ሪከርደሩ ያስፈለገኝም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሥራዬን የሚመለከተው ሰው በአብዛኛው በስልክ ስለሆነ ከሙሉ ኤችዲ በላይ እስካሁን አላስፈለገኝም። ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው ሌንሱን በስልክ ባትሪ አብርቶ ከውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ እንደሌለው ይመልከት፤ በኤፍ 16 ነጭ ሰማይ አንሥቶ የዳሳሹን ነጠብጣብ ይፈልግ፤ ማይክ ሰክቶ መሰኪያው እንደማይንቀጠቀጥ ያረጋግጥ። ሻጮች ደጋግመው የሚያነሡት የሻተር ቁጥር፣ ማለትም ካሜራው እስካሁን ያነሣው የፎቶ ብዛት፣ ለፎቶ አንሺ ወሳኝ ነው፤ ቪዲዮ ሲቀረጽ ግን መካኒካዊው ሻተር ክፍት ሆኖ ስለሚቆይ (ከላይ ያልሁትን 1/50 የሚወስነው ዳሳሹ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው) ያን ያህል አያሳስብም።

ቅንብሩን የምሠራው በነፃው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው። ነፃው ቅጂ በምስሉ ላይ ምልክት አያትምም፣ እስከ 4ኬ ድረስም ያወጣል፤ የሚከፈልበት ቅጂ ዋጋው አንድ ጊዜ የሚከፈል 295 ዶላር ሲሆን፣ በጨለማ ቦታ በተቀረጸ ምስል ላይ የሚርመሰመሱትን ጥቃቅን ነጥቦች የሚያጠፋው መሣሪያ ያለው እዚያ ነው። በየወሩ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለሚቸግረን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ላፕቶፑ ደካማ ከሆነ ካሜራው ያወጣውን ፋይል እንዳለ መቁረጥ አድካሚ ነው፤ ምክንያቱም ኤች 264 የሚባለው አጨማመቅ አብዛኞቹን ፍሬሞች ሙሉ በሙሉ ስለማያስቀምጥ፣ ከቀደመው ወይም ከሚከተለው ፍሬም የተለየውን ብቻ ስለሚይዝ፣ ኮምፒውተሩ አንድን ፍሬም ለማሳየት ሌሎችን ማስላት አለበት። ፕሮክሲ የሚባሉትን አነስተኛ ቅጂዎች አሠርቶ በእነርሱ መቁረጥና መጨረሻ ላይ ወደ ዋናው መመለስ ይህን ሸክም ያቃልላል። እኔ ፕሮክሲውን ማታ ለማታ እንዲሠራ ትቼ እተኛለሁ።

መብራት በድንገት ስለሚጠፋ፣ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ስመርጥ ኃይሉን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ የሚወስደውን ትንሹን ዓይነት እወስዳለሁ፤ ከግድግዳ በአዳፕተር የሚሠራው በመቅዳት ላይ እያለ መብራት ከሄደ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ሜሞሪ ካርዱን ሁለት ቦታ ሳልገለብጥ አላጸዳውም፤ ሁለተኛው ዲስክ የሚቀመጠው ከተማ ውስጥ ባለው የእኅቴ ቤት ነው።

ለአማርኛ ጽሑፍ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በማቀናበሪያው ውስጥ የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል ከሌለው በጽሑፉ ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ሊወጡ ይችላሉ። ከቀድሞዎቹ የዊንዶውስ ቅጂዎች ጋር ይመጣ የነበረው ኒያላ መልኩ ያማረ ቢሆንም ቀጫጭን መስመሮቹ በስልክ ስክሪን ላይ ከኋላው ካለው ምስል ጋር ይዋጣሉ፤ በነፃ የሚገኘው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን ደማቅ ዓይነቶች ስላሉት ለግርጌ ጽሑፍ ይሻላል። የእኛ ፊደል ልዩነቱ ከትንንሽ ቅጥያዎች ላይ ነው፤ «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «ቀ»ን ከ«ቁ» የሚለየው ጎን ላይ ያለች አንዲት ጭረት ስለሆነች ፊደሉ ሲያንስ ቀድማ የምትጠፋው እርሷ ናት። ስለዚህ ጽሑፉን ለእንግሊዝኛ ከሚመረጠው ከፍ አድርጌ፣ በአንድ መስመር ጥቂት ቃላት ብቻ አስቀምጬ፣ ከኋላው ጥቁር ጥላ እሰጠዋለሁ። ከማውጣቴ በፊትም ስልኩን በክንድ ርቀት ይዤ፣ ድምፁን አጥፍቼ አነበዋለሁ።

አሁን በመፈለግ ላይ ያለሁት ያገለገለ የካነን 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ ነው። የእኔ ካሜራ ዳሳሽ ከሙሉው መጠን (ፉል ፍሬም) ስለሚያንስ እይታው ጠቦ 50 ሚሊ ሜትሩ እንደ 80 ሚሊ ሜትር ስለሚያሳይ በጋራ ማዕድ ቤቱ ውስጥ ጀርባዬ ግድግዳ ነክቶም ጎረቤታችንንና ምጣዱን በአንድ ፍሬም ውስጥ ማስገባት አልተቻለም። 24 ሚሊ ሜትሩ እንደ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚያሳይ ሲሆን እስከ 16 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይቀርባል። በዚህ ሌንስ ጠባብ ቤት ውስጥ የቀረጻችሁ ካላችሁ፣ በተለይ እንፋሎትና ጢስ ባለበት ቦታ፣ ፎከሱ እንዴት እንደሆነላችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።