«እናትሽ አላገባችም ማለት ነው?»

ባሕር ዳር በመጣሁ ቁጥር አብሮ አደጎቼ ጣና ዳር አሳ ይጋብዙኛል፤ ጥያቄያቸውም አያልቅም። የዘንድሮው «እናንተማ አሜሪካ የቁጠባ አካውንት አልጋ ላይ ተኝታችሁ ነው አሉ የምትከፍቱት» የሚል ነበር።

አዎ፣ በኢንተርኔት ይከፈታል። ቅርንጫፍ የሌላቸው ባንኮች ብዙ ጊዜ የተሻለ ወለድ ስለሚሰጡ እኔም የሞከርኩት እዚያ ነው። ችግሩ፣ ኮምፒውተሩ ማንነታችሁን አብዛኛውን ጊዜ ከብድር ታሪካችሁ ጋር ያመሳክራል። ተበድሮ የማያውቅ አዲስ ገብ ምን ታሪክ አለው? እኛ ጋ ዕዳ የሌለበት ሰው ይከበራል፤ እዚያ አይታወቅም። በዚያ ላይ ፓስፖርቴ በአያቴ ስም ያበቃል፣ የደመወዝ ወረቀቴ ደግሞ በአባቴ። «ማንነትዎን ማረጋገጥ አልቻልንም፤ ይደውሉ» ብሎ ዘጋብኝ።

ደወልኩ። ሠራተኛዋ ስሜን ፊደል በፊደል አስቆጠረችኝ። ቀጥላ ለምስጢር ጥያቄ እንዲሆን እናቴ ከጋብቻ በፊት የምትጠራበትን የቤተሰብ ስም ጠየቀችኝ። «እስከ ዛሬ የምትጠራበት ይሄ ነው» ብዬ ነገርኳት።

«ይሄ የአሁኑ ነው፤ እኔ የበፊቱን ነው የጠየቅኩሽ።»

የበፊቱም የአሁኑም አንድ ነው አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እናትሽ አላገባችም ማለት ነው?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። እናቴ እኮ በቁርባን የተጋባች ሴት ናት! «በእኛ አገር ሴት ልጅ ባል ስላገባች የአባቷን ስም አትጥልም» አልኳት፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ግን እውነት ለመናገር፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ የስሜን ነገር አዳምጣ አካውንቱን የከፈተችልኝም እሷው ናት። ኮምፒውተሩን ማን ያስረዳዋል?

እዚህም «ሲስተም የለም» እየተባለ ግማሽ ቀን ባንክ ቤት መዋል አለ። ቢሆንም የእናቴን ትዳር የሚጠይቀኝ የለም።

ለመውጣት የምታስቡ፣ የስማችሁ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በፓስፖርት፣ በልደት ሰርተፍኬትና በትምህርት ማስረጃ ላይ አንዲት ፊደል ሳይለያይ አስተካክሉ። የልደት ቀናችሁንም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስታስቀይሩ ተጠንቀቁ። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች ግን ቀጥሎ ያለው መስከረም 1 በ12 ይውላል። በአንድ ቀን ልዩነት የሚንገላታ ሰው አለ። እዚያ ስትደርሱ ኢንተርኔቱ እንቢ ካላችሁ ደጋግማችሁ አትሞክሩ፤ ደውሉ፣ ወይም ቅርንጫፍ ያለው ባንክ ሂዱ። ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ደግሞ ባንኩ የመንግሥት የተቀማጭ መድን (ባንኩ ቢከስር ገንዘባችሁን የሚመልስ ዋስትና) እንዳለው አረጋግጡ፤ መድኑ በአንድ ባንክ ለአንድ ሰው እስከ 250,000 ዶላር ይሸፍናል። ራሱ ደውሎ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጣችሁን መለያ ቁጥር፣ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ግን ስልኩን ጆሮው ላይ ዝጉበት።