እግዚአብሔር ይመስገን፣ ባለቤቴ ተናገረ

ወገኖቼ፣ ይህን ለመጻፍ ስንቴ ጀምሬ በለቅሶ ተውኩት መሰላችሁ። ስእለቴ ስለሆነ ዛሬ እጨርሰዋለሁ።

ባለቤቴ ዲያቆን ነው። እዚህ ቨርጂኒያ በአዘቦት ቀን ኡበር ይነዳል፣ እሁድ ይቀድሳል። አንድ እሁድ ቅዳሴ ላይ ቃሉ አፉ ላይ ቀረ፤ ቀኝ እጁ ተንቀጠቀጠና ወደቀ። ኤምአርአይ ሲነሳ በግራ በኩል፣ ለንግግር የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል አጠገብ ዕጢ ተገኘ። ከዚያ ወራት በጸበል፣ በመድኃኒትና በቀጠሮ አለፉ።

እውነቱን ልናገር፣ ከእግዚአብሔር ጋር ተጣልቼ ነበር። ኩሽና ውስጥ ቆሜ ጮክ ብዬ «ከልጅነቱ ስምህን ሲጠራ የኖረውን አፍ ነው የምትዘጋው? ሌላ ሰው አጣህ?» ብዬዋለሁ። እኔ የለመንኩት ዕጢው በጸበል እንዲጠፋ እንጂ የባሌ ጭንቅላት እንዲከፈት አልነበረም።

ከቀዶ ጥገናው በፊት የነበረችው ሌሊት ግን! ያን ቀን ጭንቅላቱ ላይ ትንንሽ ክብ ምልክቶች ለጥፈው እንደገና ኤምአርአይ አነሱት። ሐኪሙ አስረዳን። ነገ ጭንቅላቱ እንዳይነቃነቅ በብረት ይያዛል። ሐኪሙ በመጠቆሚያ ዘንግ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ሲነካ፣ ካሜራ በዓይን በማይታይ ብርሃን ዘንጉን እየተከተለ ከምስሉ ጋር ያገናኘዋል። ከዚያ በኋላ የዘንጉ ጫፍ የትኛው ቦታ ላይ እንዳለ ስክሪኑ ያሳያል። ባለቤቴ «ጂፒኤስ ነዋ!» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «እኔን ስንቴ አሳስቶኛል» ብሎ ሐኪሙን አሳቀው። እኔ አልሳቅኩም። ምክንያቱም ሐኪሙ ራሱ፣ የራስ ቅሉ ተከፍቶ ፈሳሹ ሲወጣ አንጎል ከቦታው ይንሸራተታል፣ አንዳንዴ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ ምስሉ ግን የድሮው ነው አለን። ስለዚህ መሃል ላይ ይቀሰቅሱታል። በትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት አንጎሉን እየነኩ ያናግሩታል፤ ቃል የጠፋበትን ቦታ አይቆርጡም።

አመሻሹ ላይ የንግግር ባለሙያዋ ከአስተርጓሚ ጋር መጣች። ሁለት ቋንቋ ስለሚናገር በሁለቱም ሊፈትኑት ነው። (አንቺ አስተርጓሚዋ እህቴ፣ ሰዓትሽ አልቆ እንኳ ሳትሄጂ እጄን ይዘሽ ቆየሽ፤ ውለታሽን እሱ ይክፈልሽ!) ሥዕል እያሳየች ስሙን ትጠይቀዋለች። ዝሆን አለ። ወንበር አለ። ማንኪያ ላይ ደረሰና ዝም አለ። ዓይኑ ያውቀዋል፣ እጁን ወደ አፉ ወስዶ እንደሚበላ ሰው አሳየ፣ ቃሉ ግን የለም። እሷ ምንም ሳትል ሥዕሉን ለብቻ አስቀመጠችው፤ ነገ ቢጠፋበት በንዝረቱ ይሁን በሕመሙ መለየት አይቻልምና። ደግሞ ቁልፍ ጠፋው። ደግሞ ዶሮ። የሚወጡት ሥዕሎች በበዙ ቁጥር ሆዴ ይቆረጥ ነበር።

እሱ ተኛ። እኔ መቁጠሪያዬን ይዤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስል፣ መቁጠሩ ይጠፋኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ። ድንገት ዳዊት መጣልኝ፣ «ጨለማ በአንተ ዘንድ አይጨልምምና»። ያን ጊዜ ቁጣዬ በረደ። ጌታ ሆይ፣ ምስሉ ሲያረጅ አንተ ግን ታየዋለህ፣ የሐኪሙን እጅ ያዝ አልኩት። ከዚያ ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

በማግስቱ የመጠበቂያ ክፍሉን የሞሉት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ ልጆቼን ያሳደሩልኝ እትዬ፣ ሁላችሁም ተባረኩ። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጣ። አብዛኛው ዕጢ ወጥቷል፤ አንድ ጥግ ላይ ግን ንዝረቱ ሲነካው ባለቤቴ ቃል ስለጠፋበት እዚያ አቆምኩ አለ። ስክሪኑ ገና ዕጢ አለ እያለ እጁን የሰበሰበ ሐኪም! ማን እንደያዘው እኔ አውቃለሁ። ማታ ገብቼ ሳየው ፊቱ አብጧል። «እራት በላሽ?» አለኝ። በአማርኛ! ነርሷ ደንግጣ እስክትመጣ ድረስ እልል አልኩ።

አሁን ሲደክመው ቃል ይዘገይበታል፣ ግን ይቀድሳል። የቀረችውን በየጊዜው በኤምአርአይ ይከታተሏታል፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ ከጥምቀት በኋላ ነው። በጸሎታችሁ አስቡን፣ የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው።